አር ነው ኤስ? ፊሸር ላይ ቶሎ የምትለዩበት መንገድ

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የምትወስዱ ልጆች፣ ፊሸር ፕሮጀክሽን (ሞለኪውሉ ወረቀት ላይ በመስቀል ቅርጽ የሚሳልበት) ተሰጥቷችሁ አር ነው ኤስ (የመስታወት ምስል የሆኑት ሁለት አቀማመጦች ስም) ስትባሉ ሞለኪውሉን በጭንቅላታችሁ ለማዞር አትድከሙ። ካይራል ካርበኑ (አራት የተለያዩ ግሩፖች የያዘው ካርበን) ላይ ያሉትን አራት ግሩፖች በአቶሚክ ነምበር ደረጃ ስጧቸው (ትልቁ 1ኛ)፣ ከዛ ከ1 ወደ 2 ወደ 3 ስትሄዱ ክሎክዋይዝ ከሆነ አር፣ በተቃራኒው ከሆነ ኤስ በሉና 4ኛው፣ ብዙ ጊዜ ሃይድሮጅኑ፣ የት እንዳለ እዩ፤ ቁመቱ መስመር ላይ ከሆነ መልሳችሁ ያው ነው፣ አግድሙ ላይ ከሆነ ግን ወደ እናንተ ስለወጣ መልሱን ገልብጡት፣ በቃ።

ለምሳሌ ኤል-አላኒን፦ ካርቦክሲሉ ከላይ፣ ሜታይሉ ከታች፣ አሚኑ ግራ፣ ሃይድሮጅኑ ቀኝ። ከአሚን ወደ ካርቦክሲል ወደ ሜታይል ክሎክዋይዝ ስለሚዞር አር ይመስላል፣ ግን ሃይድሮጅኑ አግድሙ ላይ ነው ስለዚህ ኤስ። ሲስቴይን ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ፣ አሳሳሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የጎን ሰንሰለቱ ላይ ያለው ሰልፈር ካርቦክሲሉ ላይ ካለው ኦክስጅን ስለሚበልጥ የጎን ሰንሰለቱ ካርቦክሲሉን ይቀድማል፣ ኤል-ሲስቴይን አር የሚሆነው ለዛ ነው፣ ፈተና ላይ የሚወዷት ጥያቄ ናት። ደግሞ ፊሸሩን 90 ዲግሪ እንዳታዞሩት፣ 180 ችግር የለውም። አር ስለሆነ ብቻ ብርሃን ወደ ቀኝ ያዞራል ብላችሁም እንዳትጽፉ፣ አር-ላክቲክ አሲድ ወደ ግራ ነው የሚያዞረው።