ሐይቅ ዳር የጀልባ መቆሚያ ለምትሠሩ

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ዳር ቤት ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። የመቆሚያው ቋሚ እንጨት ቀድሞ የሚበሰብሰው ጠልቆ በሚኖረው እግሩ ሳይሆን በወገቡ ነው፤ ውኃው ከፍ ዝቅ እያለ እርጥበትና አየር የሚፈራረቁት እዚያ ላይ ነውና። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። የካቲት ላይ ለክቶ የሠራ ሰው መስከረም ላይ መድረኩን ውኃ ሊውጥበት ይችላል። ድንጋዩ ላይ የቀረውን የውኃ ምልክት ሳታዩ፣ አንድ አንጋፋ ዓሣ አጥማጅም ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

እኔ የምመርጠው ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርደውን ተንሳፋፊ መድረክ ነው። በደንብ የተከደነ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሊሰጥም ሲል 190 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ እናንተ ግን ከግማሹ በላይ አትጫኑበት። በርሜሉን ከኮምቦልቻ ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ፤ የኬሚካል ቅሪት ለዓሣው መርዝ ነው። ጣውላውን በምስማር ሳይሆን ዚንክ በተለበጠ ቡሎን እሰሩት። የመጀመሪያዬን በምስማር መትቼ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እንደ አሮጌ አልጋ ይንቋቋ ጀመር።