አሸዋ አሸዋ የሚለው የሊንደን ፍሬ «ቸኮሌት»

ሊንደን ከሚባል ዛፍ ስር የለቀምኩትን ፍሬ ቆልቼ ስፈጨው ሽታው ልክ እንደ ካካዋ ነው። ሲበላ ግን ጥርስ ስር ይንቀጫቀጫል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መፍጫዬን ነበር። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው! አተር የምታክለው ፍሬ እንጨት የመሰለ ቅርፊት አላት፤ እኔ ከነቅርፊቷ ነበር የምፈጫት።

አሁን በደንብ አደርቅና በመዳመጫ ቀስ ብዬ እሰነጥቃለሁ። ቅርፊቱን አበጥሬ ዘሯን ብቻ በለስላሳ እሳት እቆላለሁ። ከዚያ ከደረቀ የሊንደን አበባ ጋር ፈጭቼ ትንሽ ዘይትና ስኳር ጣል አደርግበታለሁ። ቅርፊቱን መለየቱ ያሰለቻል፣ አልዋሽም። ደግሞ ብዙ አልሠራም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ይህንኑ የሞከሩትንም ያስቸገራቸው ቶሎ መበላሸቱ ነው። የእኔዋ ትንሽ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ናት።