ጀማሪ የሬዲዮ አቅራቢዎች በየዝንባሌያቸው ቡድን ሲመሠርቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሬዲዮ ፕሮግራም አቅራቢ ለመሆን አብረው የሚለማመዱ ሰዎች ጥቂት ሳሉ ሁሉም የሁሉንም ቀረጻ ያዳምጣል፣ ሁሉም ለሁሉም አስተያየት ይሰጣል። ቁጥራቸው እየጨመረ ሲሄድ ግን ስፖርት ወዳዱ ከስፖርት ወዳዱ፣ ቃለ ምልልስ የሚማርከው ከመሰሉ፣ ድራማ መሥራት የሚመኘው ከድራማ ባልደረቦቹ ጋር መሰባሰቡ አይቀርም። መሰባሰቡ በራሱ መልካም ነው፤ በብዙ ሰው ፊት ድምፁን ለማሰማት የሚያፍር ጀማሪ በአምስት ሰዎች ፊት ይደፍራልና። በእንዲህ ያሉ ቡድኖች ውስጥ በአባልነትም በአስተባባሪነትም ስሳተፍ የተገነዘብኩት ግን፣ አብዛኞቹ የሚፈርሱት በአባላቱ ስንፍና ሳይሆን ገና ሲመሠረቱና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚሠሩ፣ ሊታረሙ በሚችሉ ስህተቶች ምክንያት መሆኑን ነው።

ርዕሰ ጉዳይን አይቶ ሥራውን አለማየት

ቡድን ለመመሥረት ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚነሡት ስሞች «የስፖርት ቡድን»፣ «የጤና ቡድን»፣ «የኪነ ጥበብ ቡድን» የሚሉት ናቸው። ስሞቹ ለሁሉም ግልጽ ስለሆኑ ማንም አይቃወማቸውም፤ ችግሩ የሚታየው ልምምዱ ሲጀመር ነው። የተዘጋጀ የስፖርት ዜና ከጽሑፍ የሚያነብ ሰውና በመካሄድ ላይ ያለ ጨዋታን በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው ሁለቱም ስፖርት ወዳዶች ቢሆኑም የሚለማመዱት ሙያ አንድ አይደለም። አንባቢው የሚታገለው ከትንፋሹ፣ ከሥርዓተ ነጥቡና ከዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ጋር ነው። የጨዋታ አስተላላፊው ጭንቀት ግን አድማጩ የማያየውን ሜዳ በቃላት ብቻ እንዲያየው ማድረግ ነው።

ይህ ጭንቀት የቀጥታ ስርጭትን ያህል ዕድሜ አለው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1927 በእንግሊዝና በዌልስ መካከል የተካሄደውን የራግቢ ግጥሚያ በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ ሬዲዮ ታይምስ የተባለው መጽሔቱ ሜዳው በቁጥር ወደተለዩ ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚታይበትን ሥዕል አትሞ ነበር፤ አድማጩ ሥዕሉን ፊቱ ዘርግቶ ኳሷ በየትኛው ክፍል እንዳለች እንዲከታተል ታስቦ ነው። ሊፈታ የተፈለገው ችግር የራግቢ ሳይሆን የጆሮ ችግር እንደነበር ልብ ይሏል። የአደባባይ ሰልፍን ወይም የእሳት አደጋን ከቦታው ላይ ሆኖ የሚገልጽ ዘጋቢም ይኸው ችግር ስላለበት፣ ለጨዋታ አስተላላፊው እውነተኛ የልምምድ ጓደኛው የስፖርት ዜና አንባቢው ሳይሆን ይህ ዘጋቢ ነው።

ስለዚህ ቡድኑ ቢቻል በሚሠራው የሥራ ዓይነት ይሰየም፤ ጽሑፍ ንባብ፣ ቃለ ምልልስ፣ የቀጥታ ገለጻ፣ ድራማ፣ ዘጋቢ ዝግጅት እየተባለ። ክፍፍሉ ትክክል መሆኑን ለመለየት የምጠቀምበት መመዘኛ ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም አባል አንድ ዓይነት ልምምድ ይዞ መምጣት ይችላል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ የሦስት ደቂቃ ዜና፣ ሌላው የሃያ ደቂቃ ቃለ ምልልስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተረት ይዞ ከመጣ እርስ በርስ የሚነጻጸር ነገር ስለማይኖር ውይይቱ ስለ ይዘት ብቻ ይሆናል። የርዕሰ ጉዳይ ፍቅር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሰውን ለዓመታት በሙያው ላይ የሚያቆየው እርሱ ነውና። ቦታው ግን ሁለተኛ ነው።

ከአቅም በላይ መከፋፈል

በመዝገብ ላይ ስልሳ ሰዎች መኖራቸው ስድስት ቡድን ለመመሥረት በቂ ምክንያት አይደለም። መቆጠር ያለበት ባለፉት አራት ሳምንታት ቀረጻ ያቀረበው ሰው ነው፤ ይህ ቁጥር አሥራ ሁለት ከሆነ ስድስቱ ቡድኖች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሰው ይደርሳቸዋል፣ አንዱ የታመመ ዕለትም ቡድኑ የለም። በሁለት ቡድን ጀምሮ ሥራው ሲበዛ ሦስተኛውን መጨመር ይሻላል።

የሰዓቱን ሒሳብ አለመሥራት

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ማንንም ላለማስቀየም የመጣውን ሁሉ እየተቀበሉ ቡድኑን ማስፋት ነው። ለአንድ ሰው የአምስት ደቂቃ ቀረጻ ማዳመጫና የአሥር ደቂቃ ውይይት ብንመድብ፣ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት ቡድን አንድ ዙር ለመጨረስ 180 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ አምስት አባላት ያሉት ግን በ75 ደቂቃ ይጨርሳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ በትኩረት የሚያዳምጥ ጆሮ የለም፤ በመጨረሻ ተራ የደረሰው ሰው የሚያገኘው የደከመ ሰው አስተያየት ነው። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎች በጋራ ሲጎትቱ የሚያወጡትን ኃይል ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ የጎታቾቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በማዳመጥም ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ባለበት ስብሰባ ሁሉም ሌላው ያዳምጣል ብሎ ይተማመናል። በእኔ ግምት ከአራት እስከ ስድስት ሰው የሚበቃ ሲሆን፣ ሰባተኛው ሲመጣ ስለ ሁለተኛ ቡድን ማሰብ ይገባል።

አስተያየትን ለምርቃት ወይም ለወቀሳ ማዋል

ከሁሉም በላይ የምቆረቆርለት ይህኛው ነው። አባል በነበርኩበት አንድ የንባብ ቡድን ውስጥ ለወራት ያህል እርስ በርሳችን «ድምፅህ ያምራል»፣ «በጣም ጥሩ ነበር» ስንባባል ቆየን። ከመካከላችን አንዱ የድምፅ ናሙናውን ለአንድ ጣቢያ አዘጋጅ ሲያሰማ የዓረፍተ ነገሮቹን መጨረሻ እየዋጠ እንደሚያነብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነገረው። ተመልሶ መጥቶ «እናንተ ይህን ሁሉ ጊዜ አልሰማችሁትም ነበር?» ብሎ ሲጠይቀን መልስ አልነበረንም፤ ሰምተነዋል፣ ግን ላለማስቀየም ዝም ብለናል። ያ ዝምታ ለእርሱ የወራት ኪሣራ ነበር።

መድኃኒቱ ግን ስህተት መደርደር አይደለም። በአንድ ቀረጻ ላይ አሥር ጉድለት የተነገረው ጀማሪ አንዱንም አያርምም፤ ብዙውን ጊዜም አይመለስም። ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት አካሄድ እንዲህ ነው። ቀረጻው በመጀመሪያ ጽሑፉ ሳይታይ ይደመጣል፤ አድማጭ በእጁ ጽሑፍ የለውምና። ከዚያ ጽሑፉ እየታየ ለሁለተኛ ጊዜ ይደመጣል። አስተያየት ሰጪው ከፍርዱ በፊት የሰማውን ከነደቂቃው ይናገራል፤ «በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ የሰውዬው ስም አልተሰማኝም» የሚለው አስተያየት «አነባበብህ ግልጽ አይደለም» ከሚለው እጅግ ይጠቅማል። በመጨረሻም ባለቤቱ ከተነገሩት ነገሮች አንዱን ብቻ መርጦ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ቀርጾ ያመጣል። ብዙ ቡድኖች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛ ቀረጻ ነው፤ ይሁን እንጂ አስተያየቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በዚያ ብቻ ነው።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው የጓደኛ ጆሮ የግድ የሚሆንበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ሲሆን ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ይገልጻል፤ «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውሃ ላይ የሚዋኘውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ዐቢይ የሆነውን ነገር ያመለክታል። አንባቢው ሊል የፈለገውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሲሳሳት የራሱን ስህተት አይሰማውም፤ ጽሑፉን ያላየው ጓደኛው ግን ወዲያውኑ ይደናገራል። እንዲህ ያለውን መደናገር በትሕትና መናገር ትልቅ ውለታ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት ማሳሰብ እወዳለሁ። አስተያየት ሊለወጥ በሚችለው ላይ ይሁን፤ በፍጥነት፣ በዕረፍት፣ በትንፋሽ አወሳሰድ፣ ከማይክሮፎኑ ባለው ርቀት። «ድምፅሽ ቀጭን ነው ለሬዲዮ አይሆንም» የተባለች ልጅ በዚህ ንግግር የምታሻሽለው ምንም ነገር የለም፤ አባባሉም ትክክል አይደለም፤ አየር ላይ የዋሉ ድምፆች ቀጭንም ወፍራምም ሻካራም ናቸው።

ሁሉም አቅራቢ፣ ሌላ ማንም የለም

አቅራቢ ለመሆን የተሰበሰቡ ሰዎች ሁሉም ማይክሮፎኑ ፊት መቀመጥ መፈለጋቸው አያስገርምም። ነገር ግን ሬዲዮ የአቅራቢ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሰዓት የሚቆጥር፣ እንግዳ የሚያፈላልግ፣ ጽሑፍ የሚያርም፣ ድምፅ የሚቆርጥና የሚቀጥል ሰው ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ሚናው ቢዘዋወር አቅራቢው ራሱ ይጠቀማል። የሌላውን ሰው የአርባ ደቂቃ ቃለ ምልልስ ወደ ስምንት ደቂቃ አሳጥሮ የሚያውቅ ሰው፣ በራሱ ተራ ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ከመጠየቅም ሆነ እንግዳው መናገር ሳይጨርስ «እሺ፣ እሺ» እያለ ድምፅ ከማደራረብ ይቆጠባል፤ ያ መደራረብ ሲቆረጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በእጁ አይቶታልና።

ቡድኑን በአንድ ሰው ላይ መጣል

በአብዛኞቹ ቡድኖች ውስጥ ቀደም ሲል በጣቢያ የሠራ ወይም ከሌሎቹ የተሻለ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። መኖሩ ጸጋ ነው፤ ሌሎቹ ግን ቀስ በቀስ ማዳመጥ ትተው የእርሱን ፍርድ መጠበቅ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እርሱን መምሰል ይይዛል፤ አነባበቡ፣ ቀልዱ፣ ሌላው ቀርቶ የሰላምታ አሰጣጡ ይቀዳል። ልምድ ያለው ሰው አስተያየቱን በመጨረሻ እንዲሰጥ ቢደረግ ይህ በብዙው ይቀንሳል። የስብሰባ መሪነቱም በየተራ ይሁን፤ ያ ሰው ሥራ በዝቶበት የቀረ ዕለት ቡድኑ መሰብሰብ መቻል አለበት።

የመሣሪያ ወሬ

ስለ ማይክሮፎን ዓይነትና ስለ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር መነጋገር ደስ ይላል፣ ማንንም አያሳፍርም፤ ስለዚህ የልምምዱን ሰዓት ይበላል። ለጀማሪ የሚበቃው በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነው፦ አፍን ከማይክሮፎኑ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ማራቅና ትንሽ ወደ ጎን ማዘንበል፣ መጋረጃና ምንጣፍ ባለበት ክፍል መቅረጽ፣ የድምፁ ከፍተኛ መጠን ከዜሮ ዴሲቤል (ድምፁ ሲያልፈው ከሚበላሽበት የመቅረጫው ጣሪያ) በታች 6 ዴሲቤል ያህል ክፍተት እንዲኖረው ማድረግ። የቀረው ለሌላ ቀን ይቆይ።

በርን መዝጋት

ቡድን ሲጠነክር የራሱን ቋንቋ ይፈጥራል፤ ይህም የጥንካሬው ምልክት ሲሆን የአደጋው መነሻም ነው። ስለ ጤና የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርስ ብቻ ሲደማመጡ የሕክምና ቃላት ሳይብራሩ ያልፋሉ፣ ማንም «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ሬዲዮ የሚያዳምጠው ሰው ግን ጉዳዩን የማያውቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሥራውን ለመላው የተለማማጆች ማኅበረሰብ ማሰማት፣ ከሌላ ቡድን ደግሞ አንድ አድማጭ መጋበዝ ይኖርበታል።

ለዚህ ጥሩ አርአያ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1965 በካናዳ የነበረው የገበሬዎች የሬዲዮ ውይይት ነው። ጎረቤታሞች በየቤቱ ተሰብስበው ዝግጅቱን ያዳምጡ፣ ይወያዩ ነበር፤ የደረሱበትን ሐሳብም በጽሑፍ ወደ አስተባባሪዎቹ ይልኩና ከየቡድኑ የመጣው ሐሳብ ተመልሶ በሬዲዮ ይነገር ነበር። ትናንሾቹ ቡድኖች ከትልቁ ያልተቆራረጡት ይህ የመመለሻ መንገድ ስለነበራቸው ይመስለኛል። ዛሬም ከእያንዳንዱ ቡድን በወር አንድ ገጽ ማስታወሻ ለሁሉም ቢደርስ ሥራው ብዙ አይደለም።

ስለ ቀረጻ ባለቤትነት አለመስማማት

የልምምድ ቀረጻ ያልበሰለ ሥራ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከቡድኑ ውጪ መውጣት የለበትም። ይህ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ካልተባለ የአንዱ የንባብ ስህተት ለመሳቂያ ተሰራጭቶ ልጁ ዳግም ላይመለስ ይችላል። ቃለ ምልልስ የሰጠ እንግዳም ለልምምድ ብቻ ወይስ ለስርጭት እንደሚቀረጽ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ለመለያ ዜማ የሰው ሙዚቃ መጠቀምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የከዋኞችን፣ የድምፅ ቅጂ አዘጋጆችንና የብሮድካስት ድርጅቶችን መብት የሚመለከተው የሮም ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በቤት ውስጥ ልምምድ የተለመደ ነገር አየር ላይ ሲወጣ ጥያቄ ያስነሣል።

የማብቂያ ቀን አለመቁረጥ

ማብቂያ የሌለው ቡድን በይፋ አይዘጋም፤ ሰው እየቀነሰ፣ የቀሩት እየተሳቀቁ፣ ሁሉም ጥፋቱን በራሱ ላይ እያደረገ ይበተናል። ከመነሻው አሥር ሳምንት ተብሎ ቢወሰን ግን መውጣት የሚፈልግ ሰው ያለ ቅያሜ ይወጣል፣ ዝንባሌው የተለወጠም ወደ ሌላ ቡድን ይሻገራል። በአሥረኛው ሳምንት የእያንዳንዱ አባል የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀረጻ ተከታትለው ይደመጡ፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ለተጨማሪ አሥር ሳምንት ይቀጥል፣ ከሌላ ጋር ይዋሐድ ወይስ ይብቃ የሚለውን አባላቱ በዚያው ስብሰባ ይወስኑ።