ከእንግሊዝ የመጣን አሮጌ ቢኤምኤክስ ለገጣፎ ላይ እንዴት እንጠግናለን?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንግሊዝ አገር ላደጉ ብዙ ሰዎች ቢኤምኤክስ (ባለ ትንሽ ጎማ የስፖርት ብስክሌት) ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚላቸው፣ የኖቲንግሃሙ ራሌይ ኩባንያ በ1982 ለገበያ ያቀረበው በርነር የተባለው ብስክሌት ነው። ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለገጣፎ አካባቢ ቤት የሠሩ፣ ብስክሌቱንም ከቤት ዕቃቸው ጋር በኮንቴነር ያስመጡ ካሉ፣ የምመክራቸው የሚያልቀውን እንዲቀይሩና የማያልቀውን እንዳይነኩ ነው።

የማያልቀው የምለው ቀለሙንና ስቲከሩን ነው። የሰፈር ቀለም ቀቢ አዲስ አስመስሎ ሊሰጥዎ ቢፈልግም እሺ አይበሉት፤ በልጅነትዎ የተፋቀው ቦታ አንዴ ከተቀባ ተመልሶ አይገኝምና። ብስክሌቱን ከመፍታትዎ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡት፣ ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል) ላይ የተመታውንም ቁጥር ይጻፉ። ስቲከሩን በለብታ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ያጽዱት፤ ቤንዚን ያስለቅቀዋል። ክሮሙ ላይ ያለውን ዝገት ግን በውሃ የራሰ የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድደው ቀስ ብለው ቢያሹት፣ ቡናማ ጭቃ እየሆነ ይለቃል። ብርጭቆ ወረቀት ክሮሙን ይጭረዋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፔዳሉንና ክራንኩን፣ ማለትም ፔዳሎቹ የሚታሰሩበትን ብረት፣ ሲፈታ ነው። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚላላው ወደ ቀኝ፣ ማለትም የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ባጠበቀው ቁጥር ጥርሱን ይበላዋል። ክራንኩ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ብረት ከሆነ፣ በግራ በኩል ያለው ዳዶም እንዲሁ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፤ ከዚያ በኋላ ክራንኩ በቀኝ በኩል ተስቦ ይወጣል። አልንቀሳቀስ ካለ ዘይት ጠብ አድርገውበት ይደር። የኩሽኔታውን ብዮች በነጭ ጋዝ አጥበው፣ የተቦረቦረውን ለይተው ቀይረው፣ በአዲስ ግራሶ ይግጠሙት።

መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ በዓይን ግምት መግዛት ኪሳራ ነው። አንድ ወጥ ክራንክ የሚቀበለው የፔዳል ጥርስ ግማሽ ኢንች ሲሆን፣ በሌሎች ክራንኮች ላይ የተለመደው 9/16 ኢንች ነው፤ ሁለቱ አይገጣጠሙም። ጎማም እንደዚሁ ነው፤ ባለ 20 ኢንች ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ 406 እና 451 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚገቡ ስላሉ፣ በጎማው ጎን የተጻፈውን ያንብቡ። አብዛኛው ቢኤምኤክስ 406 ነው። ካቴናው ከተሳበ ይቀየር።

ቴላዮው መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ቀጭን ቱቦ መበየድ የለመደ ባለሙያ ሳያየው አይንዱት። የክሮም ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ እምብዛም አይይዝምና፣ በክረምት ቁልቁለት ላይ በዝግታ ይውረዱ። ኮብልስቶን ዳዶ ያላላል፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የመሪውን፣ የኮርቻውንና የሁለቱን ጎማዎች ዳዶ በመፍቻ ደግመው ያጥብቁ።