ለእናት ለአባት ስልክ ገዝተን ስናበቃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የብቸኝነት ነገር ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 የሰውን ማኅበራዊ ግንኙነት ብቻ የሚመለከት ኮሚሽን አቋቁሟል። ዘመናዊ ስልክ ለአረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን ገዝቶ መስጠቱ ብቻ አይበቃም።

ዋናው ስህተት ስልኩን ከእጃቸው መቀበል ነው። እኔም እናቴን የቪዲዮ ጥሪ ሳሳያት "ቆይ እኔ ላድርግልሽ" እያልኩ ጠቅ ጠቅ አድርጌ እመልስላት ነበር። ሳምንታት አለፉ፣ ምንም አልያዘችም። አንድ ቀን እጄን ሰብስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ጣቷን አየሁ። ምልክቱን ነክታ አትለቅም፤ ተጭና ትቆያለች። ስልኩ ደግሞ ሌላ ነገር ይከፍትባታል። ለካ ረስታ አይደለም! "እማዬ፣ ነካ አድርጊና ልቀቂው" አልኳት። ብዙ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ የመጫኛውን ቆይታ ማርዘምም ይቻላል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፊደሉን እንደመጣ መተው ሌላው ነው። አተልቁላቸው፣ ድምፁንም ጨምሩ። ጆሮ በዕድሜ ሲደክም መጀመሪያ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ብዙዎቹ ከንፈር እያዩ ነው የሚሰሙት። ስለዚህ በቪዲዮ ስትደውሉ የክፍሉ መስኮት ከፊታችሁ ይሁን። ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁርባቸዋል።

አምስት አፕ በአንዴ አትጫኑባቸው። ጓደኞቻቸው የሚጠቀሙበት አንዱ ይበቃል። ጓደኞቻቸው ያልኩት በምክንያት ነው፦ እኛን ብቻ እንዲያገኙ አድርገን እንተዋቸዋለን። እነሱ ግን የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ ጎረቤት ይናፍቃቸዋል። ቁጥሩን አፈላልጉላቸው።

ስለ አጭበርባሪዎች ዝም ማለትም ሆነ ማስፈራራት አይበጅም። በመልእክት የሚመጣላቸውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንዳይናገሩ ንገሯቸው። የልጃቸውን ድምፅ አስመስሎ ገንዘብ የሚጠይቅም አለ፤ ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ። ከተሳሳቱ አትቆጧቸው፤ ያፈረ ሰው ሁለተኛ አይነግራችሁም።

በመጨረሻ፣ "እደውላለሁ" ብሎ መጥፋት። ቀንና ሰዓት ቁረጡላቸው። የእኔና የእናቴ ቀጠሮ እሁድ ከሰዓት ነው። ገና ሰዓቱ ሳይደርስ መነጽሯን ወልውላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠብቀኛለች።