የስፓኒሽ የትንቢት ጊዜ፦ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

ስፓኒሽን በግዕዝ ፊደል እየጻፋችሁ አታጥኑ! ይህን ሳልናገር የዋልኩበት የትምህርት ቀን የለም። “ይናገራል” ለማለት “አብላራ” ሲባል ጉልበቱ የሚያርፈው በመጨረሻዋ “ራ” ላይ ነው፤ በላቲኑ ጽሕፈትም ከላይዋ ጭረት አለባት። ጭረቷ ቀርታ ጉልበቱ ወደ “ብላ” ከሸሸ ቃሉ ትንቢት መሆኑ ይቀርና “ቢናገር” በምንልበት ቦታ የሚገባው ግሥ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም ያው “አብላራ” ናቸው። “ኬሬሞስ” ይብሳል። “ሬ” ላላ ብላ ከተነገረች የአሁን ጊዜ ናት፤ ምላስ ተርገብግቦ ከጠነከረች ትንቢት። አማርኛው ለሁለቱም “እንፈልጋለን” ስለሆነ ስህተቱን የሚያጋልጥ ነገር የለም። “አለ” የሚለውን ቃል አጥብቀን ወይም አላልተን የምናነበው በቋንቋው ስላደግን ነው፤ ጀማሪ ይህን ጆሮ በስፓኒሽ ከየት ያመጣዋል? በግሡ መጨረሻ ከሚለጠፉት ከስድስቱ የትንቢት መድረሻዎች ጭረት የሌላት “ኤሞስ” ብቻ ናት።

መድረሻው በሙሉው ንዑስ አንቀጽ (“መናገር” እንደምንለው ባለው የግሥ መልክ) ላይ ይለጠፋል፤ “አር”፣ “ኤር” እና “ኢር” አይቆረጡም። ግንዳቸው የሚለወጠው ጥቂት ግሦች ናቸው፦ “ቴኔር” “ቴንድሬ”፣ “ሳሊር” “ሳልድሬ”፣ “አሴር” “አሬ”፣ “ዴሲር” “ዲሬ” ይላሉ። “ቴኔሬ” የሚለኝ ተማሪ አያናድደኝም፤ ቢያንስ ደንቡ ገብቶታል።

የሚያናድደኝ “ስደርስ” ለማለት “ኩዋንዶ ዬጋሬ” የሚለኝ ነው። “ስደርስ እደውልልሃለሁ” ስንል ትንቢቱን የሚሸከመው “እደውልልሃለሁ” ነው፤ “ስደርሳለሁ” የሚል አማርኛ ተናጋሪ አለ? ስፓኒሹም “ኩዋንዶ ዬጌ፣ ቴ ያማሬ” ይላል፤ ነገሩ ገና ካልሆነ ከ“ኩዋንዶ” ቀጥሎ ዘንድ አንቀጽ ይገባል። ሁኔታን ከሚገልጸው “ሲ” በኋላ ደግሞ የአሁን ጊዜ፦ “ሲ ዩዌቤ፣ ኖ ሳልድሬ”፣ ከዘነበ አልወጣም።

አንዱ ተማሪዬ ማድሪድ ውስጥ አንድ ሰው ፍለጋ ሄዶ ጎረቤቱን ቢጠይቅ “ኤስታራ ኤን ካሳ” አሉት። “ወደፊት ቤት ይገኛል” ብሎ ተርጉሞ እስኪመሽ ካፌ ተቀመጠ። እሳቸው ያሉት “ቤት ይሆናል” ነበር፤ አሁን፣ በግምት። ስፓኒሽ በትንቢት ግሥ ይገምታል፤ እኛም “ስንት ሰዓት ይሆን?” ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ከተማ ለቆ ሄዷል።

በዕለት ተዕለት ንግግር፣ በተለይ በላቲን አሜሪካ፣ ለቅርብ ነገር “ቦይ ኣ” ይዘወተራል። “አሁን ልበላ ነው” ለማለት “ኮሜሬ” የሚል ሰው አዋጅ የሚያነብ ይመስላል፤ “ቦይ ኣ ኮሜር” ይበቃል።