የደብረ ብርሃን ብርድ አያታልላችሁ፦ ቤት ውስጥ የተሠራ ፕሮጀክተር ስክሪን ችግርና መፍትሄ

ፕሮጀክተሬን የሠራሁት በ7 ኢንች ኤልሲዲ ስክሪን ነው። ከኋላው 100 ዋት የኤልኢዲ መብራት አለ። መሃል ላይ ፍሬስኔል ሌንስ (ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ብርሃን የሚሰበስብ ጠፍጣፋ ሌንስ)፣ ከፊት ደግሞ ምስሉን ግድግዳ ላይ የሚጥለው ሌንስ። ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ኳስ ያዩበታል። እዚህ ለመድረስ ግን ሁለት ስክሪን አቃጥያለሁ። ሁለቱንም የገደላቸው ሙቀት ነው። የናንተ እንዳይቃጠል ነው ይህን የምጽፈው።

ምስል ሲጠፋ ብዙ ሰው "ስክሪኑ ሞቷል" ይልና አዲስ ይገዛል። አትቸኩሉ። ትልቁን መብራት አጥፉና ስክሪኑን ከሳጥኑ አውጡት። ኬብሉ እንደተሰካ ወደ መስኮት ያዙትና አሻግራችሁ እዩ። ምስሉ እጃችሁ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ሙቀቱ፣ መብራቱ ወይም ሌንሱ ጋ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፣ የብዙ ሰው ገንዘብ ያድናል።

መብራቱ በርቷል፣ ምስል የለም

መጀመሪያ የስክሪናችሁን ዓይነት እወቁ። ቲኤን የሚባለው ኤሌክትሪክ ካላገኘ ብርሃን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ግድግዳው ነጭ ይሆናል። አይፒኤስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ካጣ ይዘጋል፤ ግድግዳው ይጨልማል። የሁለቱም ትርጉም አንድ ነው። ስክሪኑ ጋ ኤሌክትሪክ ወይም ምልክት አልደረሰም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሪባን ኬብሉ፣ ማለትም ስክሪኑን ከቦርዱ የሚያገናኘው ስስ ጠፍጣፋ ኬብል ነው። ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። የማያያዣውን መቆለፊያ በጥፍር ቀስ ብላችሁ አንሱ። የኬብሉን ጫፍ በአልኮል ጥረጉና ሲደርቅ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱት። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተንጋደደ ምስል አይመጣም።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ስክሪኑን የሚያሠራው ቦርድ ላይ ያለውን ጃምፐር (ቮልት የሚመረጥበትን ትንሽ መሰኪያ) እዩ። ብዙዎቹ ቦርዶች 3.3፣ 5 ወይም 12 ቮልት ያስመርጣሉ። 3.3 ቮልት የሚፈልግ ስክሪን 12 ከተላከለት ያልቅለታል። ስለዚህ የስክሪኑን ጀርባ ቁጥር አንብቡ፣ ቮልቱን አጣሩ፣ በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ ብቻ ሰኩ።

ምስሉ ብቅ ብሎ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ይህ ከአሮጌ ሞኒተር በተነቀለ ቦርድ ላይ ያጋጥማል። ቦርዱ የራሱን ባክላይት፣ ማለትም ከስክሪኑ ኋላ የነበረውን የፋብሪካ መብራት ይፈልጋል፤ ሲያጣው "ተበላሽቷል" ብሎ ራሱን ይዘጋል። የድሮውን ባክላይት ከቦርዱ ሳትነቅሉ ሳጥኑ ጥግ ላይ፣ ብርሃኑ ስክሪኑን በማይነካበት ቦታ አስቀምጡት። ባክላይቱ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ከሆነ ግን ሽቦው ላይ ከፍተኛ ቮልት አለ። በርቶ ሳለ በእጅ አይነካም።

መሃሉ ላይ ጥቁር ጥላ

ዋናው በሽታ ይህ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ምንም አይልም። ከዚያ መሃል ላይ ጥቁረት ይጀምርና እንደፈሰሰ ቀለም ቀስ እያለ ይሰፋል። አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። መመለሱ ግን አያዘናጋችሁ።

ቲኤን ስክሪን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ብርሃኑን ጠምዝዞ የሚያሳልፈው በሥርዓት ስለተደረደረ ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ ድርድሩ ይፈርሳል። መጠምዘዙ ሲቀር ሁለቱ ፖላራይዘሮች (ስክሪኑ ፊትና ጀርባ የተለጠፉት፣ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ስስ ፕላስቲኮች) ብርሃኑን ይዘጉታል። የምታዩት ጥቁር እሱ ነው። ሙቀቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከመብራቱ ነው። ስክሪኑ ከሚደርሰው ብርሃን ከመቶ አሥር እጁን እንኳ አያሳልፍም። ፖላራይዘሩ ግማሽ ያህሉን ይውጣል። የቀለም ማጣሪያው ከተረፈው ብዙውን ይወስዳል። የተዋጠው ሁሉ እዚያው ሙቀት ይሆናል።

የኛ አገር ብርድ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስሠራ ዕቃ የሸጡልኝ ሰው "ልጄ፣ እዚህ ብርድ ነው፤ አንድ ትንሽ ፋን ይበቃሃል" አሉኝ። እኔም አመንኩ። ደብረ ብርሃን ግን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው አየር በስፋቱ ያው ነው። አየሩ ግን ስስ ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። መሐል ሜዳ ያላችሁ ደግሞ ከኛም ከፍ ስለምትሉ የበለጠ አስቡበት። ውጭ ውርጭ ቢጥልም ሳጥኑ ውስጥ ሌላ አገር ነው።

መፍትሄው ይኸውና። ከኢንተርኔት ላይ ያያችሁት አሠራር አንድ ፋን ካለ እናንተ ሁለት አድርጉ፤ አየሩ በስክሪኑ ፊትም ጀርባም ይለፍ። ስክሪኑና ፍሬስኔል ሌንሱ አይጣበቁ፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ይህ ክፍተት ሌላም ጥቅም አለው፤ የሌንሱ ቀለበቶች ግድግዳው ላይ እንዳይታዩ ያደርጋል። አየር መውጫውን ከላይ አድርጉት። መብራቱ የራሱ ሂትሲንክ (ሙቀት ስቦ የሚያወጣ ብረት) እና ፋን ይኑረው። ሃሎጅን አምፖል አትጠቀሙ፤ ከብርሃኑ ሙቀቱ ይበዛል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። 50 ዲግሪ ሲደርስ መስመር የሚቆርጥ ትንሽ የሙቀት ማጥፊያ በመብራቱ መስመር ላይ አስገቡ። ጫፉ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፍ። ፋኑ ሳታውቁት ቢቆም መብራቱን ያጠፋላችኋል። ሁለተኛው ስክሪኔ የሞተው ፋኑ ቆሞ መብራቱ ስለቀጠለ ነው። ልጆቹ ፍጹም ቅጣት ምት እያዩ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም። መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ ፋኑም ስለሚቆም የሳጥኑን ክዳን ወዲያው ክፈቱ።

ቀዝቅዞም የማይጠፋ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ

ይህ የተቃጠለ ፖላራይዘር ነው። መስታወቱ ደህና ከሆነ ይድናል። የተቃጠለውን ፕላስቲክ ከጥጉ ጀምራችሁ በዝግታ ላጡት፣ ሙጫውን በአልኮል አጽዱ። አዲሱን ከመለጠፋችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ አስደግፋችሁ አዙሩት። ምስሉ እንደ ድሮ ፎቶ ኔጋቲቭ ከታየ 90 ዲግሪ አዙሩት። ጥቁሩ በደንብ የሚጠቁርበትን ቦታ ስታገኙ ምልክት አድርጉና ቁረጡ። ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ይሠራል።

ኳሷ ጭራ ስታወጣ

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ስትከፍቱት የሚሮጥ ሰው ጥላው ይከተለዋል፤ ኳሷም ጭራ ታወጣለች። ብልሽት አይደለም። ፈሳሹ ሲበርደው ይወፍርና ይዘገያል። መብራቱን ቀንሳችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፣ ይስተካከላል። በማሞቂያ ወይም በከሰል ለማሞቅ ግን አትሞክሩ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ይዛችሁት የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ብርድ የጠጣ ስክሪን ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል። ሳጥኑን ሳትከፍቱ አንድ ሁለት ሰዓት አሳርፉት። ከነጠብጣቡ ኤሌክትሪክ ከሰጣችሁት ቦርዱ ሾርት ያደርጋል።

ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር

ኬብሉን ነካ ስታደርጉት ከተለወጠ ኬብሉን ቀይሩ። ካልተለወጠ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተጣበቀው ስስ ሪባን ለቋል። እሱ በቤት ውስጥ አይበየድም፣ በካውያም አይነካም። ጠርዙ ላይ ለስላሳ ጎማ አድርጋችሁ በትንሹ ብትጫኑት አንዳንዴ ይመለሳል። እኔ ግን ዋስትና አልሰጥም።

ምስሉ ከተዘቀዘቀ ስክሪኑን ገልብጡት፤ ሌንስ ሁልጊዜ ይገለብጣል። ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑን ፊት ወደ ኋላ አዙሩት። ምስሉ ጭጋግ ለብሶ ከደበዘዘ የስክሪኑ ፊት ሸካራ መሆኑን እዩ፤ ለዚህ ሥራ የሚሻለው የሚያብለጨልጨው ነው። ከቁራሌ የስልክ ስክሪን ለመግዛት ያሰባችሁም ካላችሁ፣ አሞሌድ የሚባለው አይሆንም። ራሱ የሚያበራ እንጂ ብርሃን የሚያሳልፍ አይደለም።

ግድግዳው ላይ የሚታየው ጥቁር ጭረት ብዙ ጊዜ ሱፍ ነው። ከተማችን የብርድ ልብስ ከተማ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ሱፍ አይጠፋም፣ ፋኑም ይስበዋል። የአየር መግቢያው ላይ ስስ ስፖንጅ አድርጉና በየሳምንቱ እጠቡት።

የመጨረሻው ስለ ሌንሱ ነው። የበጋ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፍሬስኔል ሌንሱ ላይ ካረፈች ብርሃኗን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስባ ስክሪኑን ትበሳለች፤ ቤትም ታቃጥላለች። በማትጠቀሙበት ቀን ሳጥኑን ከመስኮት አርቁና ወፍራም ነገር አልብሱት። የኔ የእናቴን አሮጌ ባና ለብሶ ነው የሚያድረው።